ከሐምሌ 1 ጀምሮ ስለምንጠይቀው ዓመታዊ የጥገና ክፍያ

ግንቦት 2018 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ባለፈው ሳምንት መርካቶ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡ አንድ የቆዩ ደንበኛችን ዘንድ ሄጄ ስለ አዲሱ ክፍያ ነገርኳቸው። ሻይ አዘዙልኝና ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ልጄ፣ ፕሮግራሙን ገዝቼዋለሁ እኮ። በ2012 ከፍዬ ጨረስኩ። አሁን ደግሞ የምን ክፍያ ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለእሳቸው የሰጠሁት መልስ ለሁላችሁም ይገባል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

እስከ ዛሬ የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራማችንን የሸጥንላችሁ አንዴ ተከፍሎ በሚያልቅ ዋጋ ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የገዛችሁበትን ዋጋ አንድ አምስተኛ በየዓመቱ ለጥገና እንጠይቃለን።

አንዴ ተሠርቶ ያለቀ ፕሮግራም ምን ጥገና ያስፈልገዋል? የ2015 ጳጉሜን 6ን የምታስታውሱ አትጠፉም። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ 6 ቀን ትሆናለች። እኔ በጻፍኩት ኮድ ውስጥ ግን አንድ መስመር ሁልጊዜ 5 ቀን ብቻ አድርጎ ይቆጥራት ነበር። የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው፣ ሱቁ በገዢ ተጨናንቋል፣ ፕሮግራሙ «የተሳሳተ ቀን» እያለ ሽያጭ አልመዘግብም አለ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። እኩለ ቀን ላይ ማስተካከያውን በቴሌግራም ላክን። መጫን ላልቻላችሁት ደግሞ የሥራ ባልደረባዬና እኔ እስከ ማታ በታክሲ እየዞርን ጫንን። ጥፋቱ የእኔ ስለነበር ማንንም አላስከፈልንም። ዛሬም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የሚቀጥለው ጳጉሜን 6 በ2019 ነው። ዘንድሮ የኮምፒውተሩን ቀን ወደፊት ገፍተን፣ እናንተ ዘንድ ባሉት በአሮጌዎቹ የፕሮግራሙ ቅጂዎች ሁሉ ላይ አንድ በአንድ ሞክረነዋል። ሁለት ሳምንት ወሰደብን። ሥራው በደንብ ከተሠራ ደግሞ ማንም ሳያውቀው ያልፋል።

ሌላም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ብዙዎቻችሁ ኮምፒውተር እየቀየራችሁ ነው። አንድ ሱቅ ኮምፒውተር በቀየረ ቁጥር ፕሪንተሩንና የባርኮድ ማንበቢያውን እንደገና መፈተሽ አለብን። የመረጃችሁ መጠባበቂያ ቅጂ ሌሊት ሌሊት የሚቀመጥበት ሰርቨር ኪራዩ በዶላር ነው። የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ልዩነቱን እስካሁን እኛ ስንሸፍን ቆይተናል።

ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። እስካሁን የእናንተን ጥገና ሲከፍል የኖረው አዲስ የሚመጣው ደንበኛ ነው። ወሩ ሲያልቅ የቤት ኪራይ የምከፍለው አዲስ ሽያጭ ሲገኝ ብቻ ነበር። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አዲስ ገዢ ስፈልግ እውላለሁ፤ ቀድሞ ያመነኝ ሰው ስልክ ግን እስከ ማታ ይጠብቃል። ይህ ልክ አይደለም። በጣም ሲያሳስበኝ ቆይቷል።

የምትጠይቁንን አዳዲስ ሥራ የምንቀበልበትንም መንገድ እንቀይራለን። አምና አንዲት የፋርማሲ ባለቤት «ቀኑ ቶሎ የሚያልፈው መድኃኒት ቀድሞ እንዲሸጥ አድርግልኝ፣ ትንሽ ነገር ናት» አሉኝ። እኔም «በ3 ቀን ትደርሳለች» አልኩ። 5 ሳምንት ፈጀች። ለካስ አንዱ ፓኬት ተፈቶ በፍሬ ይሸጣል። ባንድ ካርቶን ውስጥ ሁለት ዓይነት የማብቂያ ቀን ያለው መድኃኒት ይመጣል። ገዢ የመለሰው ወደ የትኛው ይግባ? ቀን ከመቁረጤ በፊት ይህን ሁሉ መጠየቅ ነበረብኝ። እሳቸው ታገሡኝ፤ የተጉላሉት ግን በእኔ ምክንያት ነው።

ከእንግዲህ አዲስ ነገር ስትፈልጉ መጀመሪያ ሱቃችሁ መጥቼ ግማሽ ቀን ሥራችሁን አያለሁ። ከዚያ የሚሠራውን አብረን በአንድ ገጽ እንጽፋለን። ዋጋና ቀን የምነግራችሁ ከዚያ በኋላ ነው። ግማሹ ቅድሚያ ይከፈላል። መሃል ላይ ሌላ ሐሳብ ከመጣ ለሚቀጥለው ዙር ይመዘገባል፤ አይጠፋም። «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ተብሎ የተጻፈ ስም ባንድ ፍለጋ እንዲገኝ ያደረግነው እንዲህ ተመዝግቦ በቆየ ሐሳብ ነው። አንድ ባለ ሱቅ የአንዲት ሴት ዱቤ በሦስት አጻጻፍ ሦስት ቦታ ተመዝግቦባቸው ኖሯል! አሁን ሀ፣ ሐ እና ኀ ለፍለጋው አንድ ናቸው፤ ሰ እና ሠም፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ።

አዲስ ቅጂ የምናወጣው በኅዳርና በየካቲት ብቻ ይሆናል። በበዓል ገበያ ሰሞን ምንም አንነካም። ሰኔም ቆጠራ ስላላችሁ አንነካም።

ክፍያውን የማይፈልግ ሰው አለ፤ መብቱ ነው። ፕሮግራሙ አይቆለፍበትም፣ እንደ በፊቱ ይሠራል። አዲስ ቅጂና የሌሊቱ መጠባበቂያ ይቀርበታል። ጠርቶን ስንሄድ የዚያን ቀን ሥራ ብቻ እናስከፍለዋለን። የእኛ ስህተት ሆኖ ከተገኘ ግን ለማንም በነፃ እናስተካክላለን።

«አንተ ብትታመም ወይ አገር ብትለቅስ?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝም አላችሁ። ሁለት ሰዎች ብቻ ስለሆንን ጥያቄው ተገቢ ነው። ፕሮግራሙ ላይ «መረጃዬን አውጣ» የሚለውን ስትጫኑ ዕቃችሁም፣ ሽያጫችሁም፣ ዱቤያችሁም በኤክሴል ይወጣል። በየወሩ መጨረሻ አድርጉት። ሙሉው የፕሮግራሙ ኮድ ደግሞ በታሸገ ፖስታ ጠበቃችን ዘንድ ተቀምጧል። ሥራውን መቀጠል ካልቻልኩ ጥገና ለሚከፍሉ ደንበኞች እንዲሰጥ ተፈራርመናል።

ከጥር 2018 ወዲህ የገዛችሁ የመጀመሪያውን ዓመት አትከፍሉም። ሌሎቻችሁ በባንክ ወይም በቴሌብር፣ ከፈለጋችሁ በሁለት ጊዜ መክፈል ትችላላችሁ። ያልገባችሁ ነገር ካለ ደውሉልኝ፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ስልኩን የማነሳው እኔው ነኝ። መርካቶ ያላችሁ ደግሞ ማክሰኞና ሐሙስ እዚያው ስለምውል ጎራ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤትና ፕሮግራመር