አንድ ነጠላ ዜማ፣ አንድ ዓመት
የሙዚቃና ሥነ ጽሑፍ ክበብ ዘገባ

የክበባችን የዘንድሮ ዋና ሥራ አንድ የራፕ ዘፈን ነው፤ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰኮንድ። ጥቅምት ላይ ያወጣነው ዕቅድ ስድስት ዘፈን፣ ሁለት ጭውውትና አንድ የግጥም ምሽት ይላል። የግጥም ምሽቱ ጥር ላይ ተካሂዷል፣ ጭውውቶቹ ቀርተዋል። ዘፈኑን ግን በሙሉ ልብ አቀርበዋለሁ፤ 23 ልጆች ዓመቱን ሙሉ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት የደከሙበት ነውና።

መጀመሪያ የመጡልኝ ግጥሞች ስለ መኪና፣ ስለ ወርቅ ሐብልና ማናችንም ስላልረገጥናቸው ከተሞች ነበሩ። አልፈረድኩባቸውም፤ ስልካቸው የሚያሳያቸው ራፕ ይኸው ነው። አንድ ረቡዕ ደብተሩን አስዘግቼ የአንድ ነጠላ ዜማ ታሪክ ነገርኳቸው፦ ግራንድማስተር ፍላሽና ፊውሪየስ ፋይቭ የተባለው የአሜሪካ ራፕ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው «ዘ ሜሴጅ»።

እነዚህ የኒው ዮርክ፣ የብሮንክስ ልጆች የታወቁት ድግስ በማሟሟቅ ነበር። ስለ ድህነት ሰፈር ኑሮ የሚያወራውን ግጥም የጀመረው ደግሞ የቡድኑ አባል ያልሆነው ኤድ ፍሌቸር ነው፤ በሸክላ አሳታሚው ሹገር ሂል ሬከርድስ የሚሠራ ሙዚቀኛ። የአሳታሚው ባለቤት ሲልቪያ ሮቢንሰን ይቀረጽ ስትል ቡድኑ አንገራገረ፤ ሊጨፍር የመጣ ሰው ችግሩን ሊሰማ አይፈልግም ብለው ፈሩ። በመጨረሻ ከመካከላቸው ሜሊ ሜል ከፍሌቸር ጋር ገብቶ ቀረጸው። ስሙ ሸክላው ላይ የሰፈረው ፍላሽ ራሱ በቀረጻው ላይ አልተጫወተም። የመጨረሻው አንጓም አዲስ አልነበረም፤ ሜሊ ሜል እ.ኤ.አ. በ1979 ለሌላ ሸክላ ያለውን መልሶ ያመጣው ነው። ያ ቡድኑ የሸሸው ዘፈን እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ይቆዩ ብሎ በመጀመሪያው ዙር ከመረጣቸው 50 የድምፅ ቅጂዎች አንዱ ሆኗል። ፍሌቸር በኋላ መምህር ሆነ። ይህን ስነግራቸው ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

«ቲቸር፣ እኛ ሰፈር እኮ ያለው ጀሪካን ነው» አለች አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ። የቤት ሥራው ያኔ ተገኘ። ሁሉም ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤት ሲመጣ ያየውን ብቻ ጽፎ ይምጣ ተባለ። ከደሴ ሰፈሮች፣ ከሸዋ በር፣ ከሆጤ፣ ከቧንቧ ውሃ፣ ከሰኞ ገበያ የሚመጡ ልጆች ናቸው፤ የጦሳ ተራራን ጭጋግ፣ የባጃጁን ረዳት፣ የውሃውን ወረፋ ይዘው መጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ወር የግጥም ሥራ ነው፤ ብዙ የተማርነውም እዚያ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ቤት መምታት እጅግ ይቀላል፤ «ሄደች፣ መጣች፣ ቀዳች» እያሉ እስከ ማታ መቀጠል ይቻላል። ስለዚህ በግስ ቤት መድፋት ከለከልኩ። ሦስት ልጆች አኩርፈው ክበቡን ሊለቁ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ከነዚያው አንዱ ይህን ይዞ መጣ፦

ይሰለፋል ቢጫው ጀሪካን በተራ፣
ከጦሳ ሥር ቆሞ ከጭጋጉ ጋራ።

ስድስት ስድስት ቀለም፣ ግስ የሌለበት ቤት መድፊያ። ሰሌዳው ላይ ጽፌው አንድ ሳምንት እንዳይጠፋ አደረግሁ።

ሌላው የፈተነን መጥበቅና መላላት ነው። ምቱ ላይ ለመድረስ ሲፈጥኑ ቃሉ ይላላል። «ውሃ አለ» የሚለው «አለ» ካልጠበቀ ውሃ መኖሩ ይቀርና አንድ ሰው «ውሃ» ብሎ የተናገረ ይሆናል። ይህቺን ሁለት ቃል ብቻ አንድ ሙሉ ከሰዓት ስንመላለስባት ውለናል።

ዜማውን የሠራው ክራር የሚጫወት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ በባቲ ቅኝት። ባቲም አምባሰልም የወሎ ቦታዎች ስም ናቸውና ከሩቅ የተቀዳ ድምፅ አላስፈለገንም። ችግሩ እጁ ሳያስበው ወደ ችክችካ መሄዱ ነበር፤ ችክችካ በስድስት ይቆጠራል፣ ራፑ በአራት። የፈታው ድቤው ነው። ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ብቻ እንዲመታ ሲደረግ ክራሩም ግጥሙም አብረው ተቀመጡ። ድቤው የመንዙማ ነው፤ ያዋሱን የአንዱ ተማሪ አያት ግጥሙን ካልሰማሁ አልሰጥም ብለው ልጃችን ቤታቸው ሄዶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበላቸው። ሲጨርስ ተነሥተው ከግድግዳው አወረዱለት።

የቀረጽነው በሚኒ ሚዲያ ክፍል፣ በስልክ ነው። ግድግዳው እንዳያስተጋባ አራት ብርድ ልብስና ሁለት ጋቢ ሰቀልን። ወሩ ሚያዝያ ስለነበር ከሰዓት በኋላ በልጉ ቆርቆሮውን ሲመታው ከዝናቡ በቀር የሚሰማ አልነበረም፤ ሁለት ረቡዕ እንዲሁ ባከነ። ከዚያ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መምጣት ጀመርን። ጥበቃችን በር ስለከፈቱልን ክበቡ ያመሰግናቸዋል። የመጨረሻው ቅጂ አሥራ ሰባተኛው ነው። በጥሞና የሚያዳምጥ ሰው በሁለተኛው አንጓ ላይ አንድ ዶሮ ይሰማል፤ ልጆቹ ይቆረጥ ሲሉ እኔ አይቆረጥም አልኩ፤ የደሴ ጠዋት ነውና።

ሰኔ ላይ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ በድምፅ ማጉያው ለቀቅነው። ዳር ቆመው የሚያዳምጡ ወላጆችም ነበሩ፤ አንዲት እናት ጀሪካኑ ላይ ሲደርስ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

የሚቀጥለው ዓመት ፍላጎታችን አንድ ማይክሮፎን ነው። ተፈታኝ የ12ኛ ክፍል አባሎቻችን አምስት ናቸው። ሲሰናበቱ ደብተራቸውን እንዲተዉልኝ ጠይቄያቸው፣ ያልተጠቀምንባቸውን ስንኞች ጨምሮ በክበቡ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋል። የሜሊ ሜልን የ1979 አንጓ አልረሱትም። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ክበቡ መስከረም በሁለተኛው ረቡዕ ይጀምራል።