አመድ ውስጥ ያደረ ብረት

አንቺዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል?

አራት ዓመት ሙሉ ስልክሽ እጄ ላይ እያለ ሳልደውል ቀረሁ። አባትሽ ሲያርፉ አንቺ ከሐዋሳ መጥተሽ ለልቅሶው ደረስሽ፤ እኔ አቃቂ አፍንጫዬ ሥር ሆኖ አልደረስኩም። መርዶውን የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ በምን ዓይኔ አያታለሁ ብዬ ፈራሁ። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም ዓመት። ነፍሳቸውን ይማር። ይቅር በይኝ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ እሳቸውም፣ ስለ ድሮው ክርክራችንም ነው። ሁለቱ ባለፈው ክረምት አንድ ሆኑብኝ።

ግቢ እያለን ላይብረሪ በር ላይ ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? “ዕጣ የሚጥል ፕሮግራም አላምንም። በሠራ ቁጥር ሌላ መልስ ከሰጠ ምኑን ሒሳብ ሆነ? ያላጠና ተማሪ ከሀ እስከ መ እንደሚገምተው ማለት ነው” አልሽኝ። መልስ አጥቼ ዝም አልኩ። አሁን መልስ አለኝ።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ። በረንዳ ላይ ስወጣ የረር ተራራ ይታየኛል። የምሠራው አንድ ዳቦ አከፋፋይ ጋ ነው። አንዲት ዳማስ አለችን። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ዳቦዋን ጭና ትወጣና ቱሉ ዲምቱን፣ ኮዬን፣ ቂሊንጦንና ገላንን ታዳርሳለች። ጥያቄው አንድ ነው፤ የትኛው ሱቅ ይቅደም? መጨረሻ ላይ ያሉት ባለሱቆች ዳቦው የሚደርሳቸው ሰው ቁርስ በልቶ ከወጣ በኋላ ነበር። ተመላሹ ደግሞ የእኛ ኪሳራ ነው።

ሱቆቹ 20 ሲሆኑ ስንት ዓይነት ቅደም ተከተል እንዳለ አንቺ በቃልሽ ታሰይዋለሽ። በሴኮንድ አንድ ቢሊዮኑን የሚፈትሽ ማሽን ቢኖረኝ እንኳ ሁሉን ለማየት 77 ዓመት ይፈጅበታል። “ከዚያ የተሻለ ዘዴ አለኮ” እንደምትይኝ አውቃለሁ። አለ። በ1962 የወጣ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ያዥልኝ)፤ 20ውን በደንብ ይፈታል። ግን አንድ ሱቅ በተጨመረ ቁጥር ሥራው ከእጥፍ በላይ ያድጋል። የእኛ ሱቆች አሁን 34 ናቸው። የእኔ ላፕቶፕ ያን አይችልም።

ስለዚህ ቀላሉን ሞከርኩ። ፕሮግራሙ ሁለት ሱቆችን ቦታ ያለዋውጣል። ጉዞው ካጠረ ይይዘዋል፣ ከረዘመ ይመልሰዋል። የጉዞው ርዝመት 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ላይ ደረሰና ማጠሩን አቆመ። ከዚያ በኋላ የትኛውንም ብታለዋውጪ ይብሳል።

ለምን እንደቆመ የገባኝ አንድ የሐምሌ ጠዋት በረንዳ ላይ ቆሜ ነው። ጉም ሰፈሩን ሁሉ ሸፍኖታል። በዚያ ጉም ውስጥ “ወደ ላይ ብቻ ተራመድ” የተባለ ሰው የትም አይደርስም፤ ቱሉ ዲምቱ ላይ ወጥቶ እዚያው ይቀራል። ቱሉ በኦሮምኛ ኮረብታ ማለት አይደል? የረር ላይ ለመውጣት መጀመሪያ መውረድ አለበት። የእኔ ፕሮግራም መውረድ፣ ማለትም ጉዞውን ለጊዜው የሚያስረዝም ቅያሪ መቀበል፣ አያውቅም ነበር።

መውረድን የሚያስተምረው ዘዴ፣ ሲሙሌትድ አኒሊንግ የሚሉት፣ በ1983 ነው የታተመው። ኪርክፓትሪክ፣ ጌላትና ቬኪ የሚባሉ ሦስት የአይቢኤም ተመራማሪዎች ሐሳቡን የወሰዱት ከብረት ነው። የጋለ ብረት ውስጥ አተሞቹ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ቀስ ብሎ ሲበርድ እያንዳንዱ የሚመቸውን ቦታ ለማግኘት ጊዜ ያገኛል። ፕሮግራሙም “ሙቀት” የሚባል ቁጥር ይሰጠዋል። መጥፎ ቅያሪ ሲመጣ ወዲያው አይጥለውም፣ ዕጣ ያወጣበታል። ጉዞውን 7 ደቂቃ የሚያስረዝም ቅያሪ፣ ሙቀቱ 10 ሲሆን ከሁለት አንዴ ያልፋል። ሙቀቱ 1 ሲደርስ ከሺህ አንዴም አያልፍም። መጀመሪያ እንደልቡ ይዞራል፤ እየበረደ ሲሄድ ይሰክናል።

ጻፍኩት፣ አስነሳሁት። ውጤቱ ከበፊቱም የባሰ ሆነ! ሁለት ቀን ስህተቱን ፈለግኩ። ኮዱ ደህና ነበር።

በሦስተኛው ሌሊት አባትሽ ትዝ አሉኝ። የመኪና ባሌስትራ ቆርጠው መጥረቢያ ሲሠሩ ያን ቅዳሜ አስታወስሽ? ብረቱን ቀይ እስኪሆን አግለው አመድ ውስጥ ቀበሩት። “ዛሬ አይነካም፣ ይደር” አሉን። አንቺ መች አስችሎሽ! ዘወር ሲሉ ጠብቀሽ ሌላውን ቁራጭ ከእሳት በጉጠት አወጣሽና ባልዲ ውኃ ውስጥ ነከርሽው። ቺስ አለ። በማግስቱ ሞረድ አልያዘው አለ፤ ሞረዱ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ከእጃቸው አምልጦ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ለሁለት ተሰበረ። አልተቆጡሽም። አመዱን ገለጥ አድርገው ያደረውን አወጡና ሞረዱን እጅሽ ላይ አስያዙሽ። ለስልሶ ነበር። ብናኙ እጅሽ ላይ ሲረግፍ አሁንም ይታየኛል።

እኔም ብረቱን ውኃ ውስጥ ነክሬው ነበር። ሙቀቱን በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ነው ያወረድኩት። ቁጥሩን አስተካከልኩና ቀስ እያለ ሌሊቱን ሙሉ እንዲበርድ ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ጉዞው 2 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ሆኖ አገኘሁት! ሹፌራችን ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው ደጋግመው አነበቡት። “ገላን ደርሰን እንደገና ወደ ቂሊንጦ?” አሉኝ። አንድ ቀን ይሞክሩልኝ አልኳቸው። በማግስቱ የመጨረሻዋ ባለሱቅ ዳቦው እንደሞቀ ደረሰኝ ብላ ደወለች።

እንግዲህ መልሴ ይኸውልሽ። አዎ፣ በሠራ ቁጥር ሌላ መልስ ይሰጣል። አንዴ 2 ሰዓት ከ55፣ አንዴ 2 ከ58፣ አንዴ 2 ከ53። ግን ዕጣው መንገዱን ይፈልጋል እንጂ ርዝመቱን አይወስንም። ያንን እኔው ደምሬ አረጋግጣለሁ። ደጋግሜ አስነስቼ አጭሩን እይዛለሁ። የዕጣውን መነሻ ቁጥር ከመዘገብኩት ደግሞ ያው መንገድ በፈለግኩ ጊዜ ይመለስልኛል። ያላጠናው ተማሪ ግምቱን የሚያመሳክርበት የለውም፤ እኔ አለኝ። እዚህ ሰፈር ዕጣ ሲባል ሰው የሚያስበው የቤት ዕጣ ነው። ያኛው የሚወጣው ለማንም እንዳይዳላ ነው። የእኔው ግን ያላየሁትን እንዲያሳየኝ ነው።

አንቺ ደግሞ የቁጥር ሰው ነሽ፣ የሚለርና የራቢንን ፈተና ታውቂዋለሽ። አንድ ትልቅ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር (ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል) መሆን አለመሆኑን በዕጣ በተመረጠ መሞከሪያ ይፈትኑታል። ብቸኛ ያልሆነ ቁጥር አንዱን ፈተና የማለፍ ዕድሉ ቢበዛ ከአራት አንድ ነው። 20 ጊዜ ሲደገም ግን ከትሪሊዮን አንድ አይሞላም። ይህን ስታስተምሪ በዕጣ ታምኛለሽ ማለት ነው።

በአንድ ነገር ግን ትክክል ነበርሽ። ከ2 ሰዓት ከ53 ያነሰ መንገድ ይኑር አይኑር አላውቅም። ዘዴው ይህን አይነግረኝም። ለዳቦ ይበቃኛል፤ አንቺን እንደማይበቃሽ አውቃለሁ። ማረጋገጫ ካገኘሽ ላኪልኝ።

እሑድ እናትሽ ጋ እሄዳለሁ። ከዳማሷ ላይ ትኩስ ዳቦ አስቀርቼ ይዤላቸው እገባለሁ። ሳትሰሚ እንዳልሄድ ብዬ ነው ቀድሜ የጻፍኩልሽ። ያቺ መጥረቢያ እዚያው ቤት ካለች ደግሞ ላያት እፈልጋለሁ። የት እንደምትቀመጥ ንገሪኝ።

ያንቺው፣
የኮዬዋ