ለተጠቅላይ ሽፋን ደንበኞቻችን፦ መለዋወጫ በእጅ መስጠት ለምን እንዳቆምን

አዳማ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ወር መጨረሻ በሱቃችን በር ላይ የለጠፍነው ማስታወቂያ ብዙዎቻችሁን አስቆጥቷል። የፒክአፕ ተጠቅላይ ሽፋን መለዋወጫ ከእንግዲህ በእጅ እንደማንሸጥ፣ መኪናው መጥቶ አሮጌው ዕቃ በእኛ ግቢ ተፈትቶ እኛው ራሳችን እንደምንገጥም፣ የተፈታውም ዕቃ እዚሁ እንደሚቀር የሚገልጽ ነበር። ከአሰላ ድረስ አንድ ሞላ ለመግዛት መጥተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ደንበኛ አሉን። ከመተሐራ ደውለው «ገንዘቤን ይዤ ስለ ምን ትከለክሉኛላችሁ?» ያሉም አሉ። ቀደም ብለን በስልክ ሳንነግራችሁ ወረቀት ለጥፈን ዝም ማለታችን ጥፋት ነው፤ ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በውሳኔው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ግን ምክንያቱን እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

ሽፋኑን ከእኛ ለገዛችሁት ማስረዳት አያስፈልገኝም። መኪናውን ከነሽፋኑ ከሌላ ሰው የገዛችሁም ስላላችሁ ግን ጥቂት ልበል። እንደ ሱቅ ቆርቆሮ በር የሚጠቀለል የአሉሚኒየም መዝጊያ ነው። በጭነት ሳጥኑ ሁለት ጎኖች ላይ በተገጠመ ሐዲድ ይንሸራተታል፤ ሲከፈት ከጋቢናው ጀርባ ባለው ረጅም ማቀፊያ ውስጥ ይጠቀለላል። ወደ ውስጥ የሚስበው በማቀፊያው ጫፍ የተጠመጠመ ጠፍጣፋ የብረት ሞላ ነው። ሽፋኑ ከመኪናው ጋር ከፋብሪካ የወጣ አይደለም፤ ሌላ ድርጅት ሠርቶት እኛ አስመጥተን የገጠምነው ነው። ብዙዎቻችሁ የመኪናውን አስመጪ ጠይቃችሁ «እኛ ዘንድ የለም» የተባላችሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ አልዋሹአችሁም።

ይህን ዕቃ ወድጄው ነው የሸጥኩላችሁ። ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ዕቃ ጭኖ የሚመጣ ነጋዴ በሸራ ምን እንደሚያጣ አውቃለሁ። የአዳማ ነፋስ ሸራውን ሲያርገበግበው ይውላል፣ አቧራው እስከ ካርቶኑ ውስጥ ይዘልቃል፣ ሾፌሩ ምሳ ሊበላ ሲቆም ደግሞ ሸራው በምላጭ ተቀድዶ ይጠብቀዋል። አንድ የዘርና የፀረ ተባይ ነጋዴ ሽፋኑን በገጠምንላቸው በሦስተኛው ወር መጥተው «ረዳት ከኋላ ማስቀመጥ ተውኩ፤ ልጁ ከብርድም ከፀሐይም ዳነ» ያሉኝን አልረሳም። ያንን ቃል ከሰማሁ በኋላ ሌላ ዓይነት ሽፋን ለመሸጥ አልሞከርኩም።

አምራቹ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥራውን አቆመ። የደረሰን መልእክት ሦስት መስመር ነበር፦ ምርቱ ተቋርጧል፣ መለዋወጫው ክምችቱ እስኪያልቅ ብቻ ይሸጣል፣ ስለ ደንበኝነታችሁ እናመሰግናለን። ያለኝን ጥሬ ገንዘብ ሁሉ ሰብስቤ የቀረውን መለዋወጫ አዘዝኩ። ባለቤቴ ለቤታችን ጣሪያ ማደሻ ያጠራቀመችው ገንዘብ ጭምር እዚያ ውስጥ ገብቷል፤ ጣሪያችን ዛሬም አልታደሰም። ዛሬ የምንነጋገርበት ዕቃ ያን ጊዜ የመጣው ነው። ከእርሱ በኋላ የሚመጣ የለም።

አባቴ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። ፊያት 682ን፣ በሾፌሮች አጠራር ኤንትሬን፣ ከነተሳቢው ይነዳ ነበር። ቤታችን ውስጥ የወተት ዱቄት ጣሳዎች በተርታ ተደርድረው፣ በእያንዳንዱ ውስጥ አሮጌ ቡሎንና ዳዶ በየልኩ ተለይቶ ይቀመጥ ነበር። ያ መኪና ፋብሪካው መሥራቱን ካቆመ በኋላ ስንት ዓመት በሀገራችን መንገዶች ላይ ጭነት እንደተሸከመ በዕድሜ የገፋችሁት ታስታውሳላችሁ። ያኖሩት እንደ አባቴ ያሉ ሾፌሮችና የቶርኖ ባለሙያዎች ነበሩ። እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ ጋራዥ በረዳትነት ስገባ ካቻቢቴ ከመያዜ በፊት የሜትር አያያዝ ያስተማረኝም አባቴ ነው።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። የተቋረጠ ዕቃ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚደክመው ስሙን ይዞ ስለሚዞር ነው። በስሙ የጠፋው ዕቃ በልኩ ሲፈለግ አንዳንዴ ከሁለተኛው ሱቅ ይገኛል። ለምሳሌ ሽፋኑ የሚጠቀለልበት ዘንግ የሚዞረው በኩሽኔታ ነው። ኩሽኔታውን አውጥታችሁ ብትጠርጉት ጠርዙ ላይ 6203 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ቁጥሩ የሽፋኑ አምራች ያወጣው መለያ አይደለም፤ የዓለም ኩሽኔታ ሠሪዎች ሁሉ የሚጠቀሙበት ነው። ውስጡ 17፣ ውጪው 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ሞተር የሚጠግን ሁሉ ያውቀዋል፤ አዳማ ውስጥ ከአንድ በላይ ሱቅ ይሸጠዋል። አምራቹ ግን በራሱ ማሸጊያና በራሱ ቁጥር ጠቅልሎ በብዙ እጥፍ ዋጋ ይልክልን ነበር፤ እኛም ይህን እስክንደርስበት ድረስ እየከፈልን ለእናንተ ሸጠናል።

በሐዲዱ ላይ የሚሄደውን የናይለን ተንሸራታች ቶርኖ ቤት አሠርተነዋል። የመጀመሪያዎቹ ለስላሳ ስለነበሩ በመተሐራ ሙቀት አብጠው ሐዲዱ ውስጥ ተቀረቀሩ፤ ዕቃውን ለውጠን፣ ልኩን በግማሽ ሚሊ ሜትር ቀንሰን፣ በስድስተኛው ሙከራ ተሳካልን። ለአምስቱ ሙከራዎች ማንንም አላስከፈልንም። የዳሩን ጎማ ከአውቶቡስ በር ጎማ አመሳስለን እየቆረጥን እንገጥማለን። ቁልፉም መላ አለው።

ሞላው ግን መላ አልተገኘለትም። ብረቱ ተግሎ፣ ተነክሮ፣ እንደገና በልክ ሞቆ የጠነከረ ነው፤ ተጠምጥሞ ተፈትቶ፣ ተጠምጥሞ ተፈትቶ ዓመታት የሚቆየው በዚህ የተነሣ ነው። ሳይጠነክር የተጠመጠመ ብረት ወይ ላልቶ ይቀራል፣ ወይ ይሰበራል። ሦስት ቦታ አሠርተን አይተናል። ሁለቱ ሽፋኑን እስከ ግማሽ ብቻ ሳቡት፤ ሦስተኛው በአሥራ አንደኛው ቀን ተሰብሮ ማቀፊያውን ቀደደው። ስለዚህ መደርደሪያችን ላይ ያሉት ሞላዎች በተነሡ ቁጥር አንድ የእናንተ ሽፋን የመጨረሻ ዕድሉን ወሰደ ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት ፊታቸውን የማናውቃቸው ሰዎች እየመጡ ሁለት ሦስት ሞላ ይገዙ ጀመር። ደስ ብሎኝ ሸጥኩላቸው። መስከረም ላይ ግን አንድ የቆዩ ደንበኛችን ከሌላ ከተማ በሦስት እጥፍ ዋጋ የገዙትን ሞላ «ግጠምልኝ» ብለው አመጡ። ካርቶኑ ላይ የእኔ የእጅ ጽሕፈት ነበረበት። የራሴን ደንበኛ ከራሴ መደርደሪያ በወጣ ዕቃ ሌላ ሰው እንዲበዘብዛቸው በር የከፈትኩት እኔ ነኝ። የመግጠሚያውን ዋጋ መቀበል አልቻልኩም።

ከዚህ የከበደውም አለ። አንድ ደንበኛችን ሞላውን ገዝተው በቤታቸው ግቢ ራሳቸው ሊለውጡ ሞከሩ። አሮጌው ሞላ እንደተጠመጠመ ነበር። ማሰሪያውን ሲፈቱት ተወርውሮ መዳፋቸውን ሰነጠቀው፤ ስምንት ቦታ ተሰፋ። እኚህ ሰው ወቅሰውኝ አያውቁም። ነገር ግን ሞላውን በጋዜጣ ጠቅልዬ እጃቸው ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ «መጀመሪያ በመቆለፊያ አስረው ቀስ ብለው ያላሉት» የምትል አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ ይህ ባልሆነ። ማስታወቂያውን የለጠፍኩት እጃቸውን በፋሻ ጠቅልለው ሱቅ በመጡ ማግስት ነው። በደንብ አስቤ፣ ተረጋግቼ መጻፍ ነበረብኝ፤ አልቻልኩም።

ስለ ዋጋም ቅሬታ ሰምቻለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያን ጊዜ መደርደሪያችን ላይ የነበረውን ዕቃ በአሮጌው ዋጋ መሸጥ ቀጠልን፤ ጎረቤት ነጋዴዎች ሞኝ ብለውኛል። ዛሬ የጨመርነው በናይለኑ፣ በጎማውና በእጅ ሥራው ላይ ነው፤ እነዚህ በየወሩ የምንገዛቸው ናቸውና። በሞላው ላይ አንድ ብር አልጨመርንም። ደረሰኙ ላይ የምታዩት 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስም ወደ እኛ ኪስ አይገባም።

«ለዘመዱ ደብቆ ያስቀምጣል» የሚል ወሬ እንዳለም ደርሶኛል። ይህ አሳዝኖኛል፤ አሳዝኖኛል ብቻ ብዬ ልለፈው። የገዛ ወንድሜ ፒክአፕ ሽፋኑ ከግንቦት ጀምሮ በገመድ ታስሮ ይሄዳል። ተራው ገና አልደረሰም።

አሮጌው ዕቃ እዚህ የሚቀርበትንም ምክንያት ብዙዎች ጠይቃችኋል። ከተበላሸ ሽፋን ውስጥ ደኅና ነገር አይጠፋም። ሞላው የተሰበረበት ሰው ቁልፉ ጤነኛ ነው፤ በግጭት ሐዲዱ የተጣመመበት ሰው ሞላው ጤነኛ ነው። ሞላውና ቁልፉ ለሁሉም መኪና አንድ ነው። ሐዲዱን የሚይዘው መቆንጠጫ ብቻ ይለያያል፤ የጭነት ሳጥኑ ጠርዝ ቅርጹ ስለሚለያይ የሃይሉክስ ቪጎ መቆንጠጫ ከእርሱ በኋላ ለመጣው ሃይሉክስ ሬቮ አይሆንም። ስለዚህ እናንተ ዘንድ ቆሻሻ የሆነው ቁራጭ እኛ ዘንድ ለሌላ ደንበኛ መድኃኒት ነው። ለተዋችሁልን ዕቃ ከመግጠሚያው ዋጋ ላይ እንቀንሳለን፤ ይህ ማስታወቂያው ላይ አልተጻፈም ነበር፤ መጻፍ ነበረበት።

ከእንግዲህ የምንሠራው እንዲህ ነው። ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ቀብድ የከፈላችሁ ሁሉ ዕቃችሁ ስማችሁ ተጽፎበት ተቀምጧል። ከአሰላ የመጡት ደንበኛችን ሞላም እንዲሁ፤ መግጠሚያውን አንጠይቅዎትም፣ በተመቸዎት ቀን ይምጡልን። ከአዳማ ውጭ ያላችሁ፣ ከባቱም ሆነ ከአዋሽ ወዲያ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ደውሉና ቀን እንስጣችሁ፤ ጠዋት የገባ መኪና ከሰዓት በኋላ ይወጣል፤ ሳታድሩ ትመለሳላችሁ። ኩሽኔታ፣ ናይለንና ጎማ እንደ ድሮው በእጅ እንሸጣለን፤ ከእኛ መግዛት ካልፈለጋችሁም ልኩን በወረቀት ጽፈን በነጻ እንሰጣችኋለን። ሞላውን ግን በእጅ አልሰጥም። በዚህ ብትቀየሙኝ እንኳ አልሰጥም።

እስከዚያው ሞላችሁን አኑሩት። በማቀፊያው ሁለት ጫፎች ወደ ታች የሚወርዱ ጣት የማያክሉ የውኃ ማውረጃ ቱቦዎች አሉ። አቧራችን ይደፍናቸዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ውኃው ማቀፊያው ውስጥ ተኝቶ ሞላውን ያዝገዋል። ወደ እኛ ከሚመጡት ዝገት የበላቸው ሞላዎች አብዛኞቹ ምክንያታቸው ይኸው ነው። ክረምት ሳይገባ ቱቦዎቹን በጎማ መንፊያ አየር አስነፉአቸው። ላቫጆ ስትገቡ የውኃውን ግፊት በማቀፊያው ላይ እንዳያዞሩት ንገሩአቸው። ሐዲዱን በግራሶ አትቀቡ፤ አቧራ ይይዝና እንደ ሞረድ ይበላዋል። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ለብዙዎቻችሁ መጀመሪያ የሸጥኩላችሁ ከአንድ የላሜራ ቤት ጓሮ ተከራይቼ፣ ዝናብ ሲመጣ በዚያው በምሸጠው ሽፋን ሥር ዕቃዬን እየደበቅሁ ነው። ያኔ አምናችሁኝ መኪናችሁን ሰጥታችሁኛል። ዛሬም ያንኑ እምነት ነው የምጠይቃችሁ። ሌላ ቦታ ልትሄዱ ብታስቡ አልከለክላችሁም፤ ግን ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ኑና መደርደሪያውን በዓይናችሁ እዩት፤ ስንት እንደቀረ ቆጥሬ አሳያችኋለሁ።

በየግቢያችሁ የተጣለ አሮጌ ሽፋን፣ የተጣመመም ቢሆን፣ ካለ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ደውሉልን። ከእርሱ የተሻለ እንከፍላለን፤ ሩቅም ብትሆኑ መጥተን እንጭነዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት
አዳማ