ይድረስ ለአባቴ፣ ለአራዳው ጊዮርጊስ ልጅ

አባባ፣ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሐዋሳ ሙቀቱ በርትቷል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስታወራ ታፏጫለች። ፎቶዋን ከደብዳቤው ጋር አድርጌልሃለሁ። ባለቤቴም ሰላም ብሎሃል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስልክ ላይ ግን አንተ አትያዝም። "ደኅና ነኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ካርድሽ እንዳያልቅ" ትልና ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሳገኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። መነጽርህን አድርገህ ቀስ ብለህ አንብበው። እስከ መጨረሻው አንብበው።

መጀመሪያ የማሙሽን ጉዳይ ልንገርህ። ለዓድዋ በዓል አንድ ታሪካዊ ቦታ መርጣችሁ ጻፉ ተብለዋል። እሱ አራዳ ጊዮርጊስን መረጠ። የመረጠው በኳስ ምክንያት ነው። ጊዮርጊስ እዚህ ሐዋሳ ሲጫወት ወስጄው ነበር። አንተ የላክለትን ቢጫና ብርቱካናማ ማሊያ ለብሶ፣ ከደጋፊው ጋር እየዘለለ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ማታ ሊተኛ ሲል "እማዬ፣ ቡድኑ ለምን በቅዱስ ስም ተጠራ?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አላባራም።

ምን ልበለው? አንተ ያልከውን አልኩት። ከቅዳሴ በኋላ እኔንና ታናሼን በግቢው እያዞርክ የነገርከንን ሁሉ ዘረገፍኩለት። እስከ ዛሬ በአፌ ላይ ያለው የአንተ አነጋገር ነው።

ታቦቱ ከምኒልክ ጋር ወደ ዓድዋ መዝመቱን ነገርኩት። ድሉም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በራሱ በጊዮርጊስ ዕለት ሆነ። ከድሉ በኋላ ያ ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። የሕንፃውን ንድፍ ያወጣው ሴባስቲያኖ ካስታኛ የሚባል ጣሊያናዊ መሆኑን፣ በግንባታውም የዓድዋ ምርኮኞች ጉልበት እንዳለበት ስነግረው ዓይኑ ፈጠጠ። "ሊወጉን የመጡት ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ሠሩልን?" አለ። አዎ አልኩት። እኔም በእሱ ዕድሜ ይህንኑ ጠይቄህ ነበር።

ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909፣ ጃንሆይ ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1923 እዚያው እንደ ነገሡ ጻፈ። ሁለተኛውም ቀን 23 መሆኑን ያየው ራሱ ነው። "እንደገና ጊዮርጊስ!" ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። ብታየው ደስ ይልህ ነበር።

ከሁሉ የወደደው ግን የቡድኑን መመሥረት ነው። በ1928 ጣሊያን ድንበር ጥሶ ገብቷል፤ አገር ክተት ተብሏል። በዚያው ዓመት አየለ አትናሽና የግሪኩ ተወላጅ ጆርጅ ዱካስ ከአራዳ ልጆች ጋር ቡድን አቋቋሙ። ስሙንም ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። ማሙሽ "ጦርነት ላይ እያሉ ኳስ?" ብሎ ግራ ተጋባ። እኔም ሳስበው ይገርመኛል። የአባቶቻቸው ጠላት ተመልሶ ሲመጣ ልጆቹ የዓድዋውን ቅዱስ ስም ይዘው ሜዳ ወጡ። ይህን እንደ ቀላል ነገር ማለፍ አልችልም። አንተም አልፈኸው አታውቅም።

በ1929 ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ጋር ፋሺስቶች ቤተ ክርስቲያኑን አቃጠሉት። ቡድኑንም ስሙን ነጠቁት። "ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር" በሉ አሏቸው። ነጭና ጥቁር አብሮ እንዳይጫወትም ተከለከለ። ደብሩና ቡድኑ በአንድ ሰሞን አብረው ተመቱ፤ ከነፃነት በኋላ ደግሞ ደብሩ ታደሰ፣ ቡድኑም ስሙን መለሰ። ይድነቃቸው ተሰማ ከዚያ ቡድን ወጥቶ የአፍሪካ እግር ኳስ ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሰ። ማሙሽ ደጋፊው "ፈረሰኞቹ" የሚለው ለምን እንደሆነ የገባው የቅዱሱን ሥዕል ሳሳየው ነው። "ለካ የሱ ፈረስ ነው!" አለ።

ስምህንም ጽፎታል። "ይህን የነገረን አያቴ ነው። አያቴ ዶሮ ማነቂያ ነው ያደገው" ብሎ። ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር ዛሬ ፈርሷል ብዬ ላርመው አልቻልኩም። ከፒያሳ ተነሥታችሁ አራብሳ ከገባችሁ ወዲህ አንተም እንዲህ ነው የምታወራው። "ሰፈር ደርሼ መጣሁ" ትላለህ። ሰፈር የምትለው ደብሩን ነው። በየወሩ በ23 ገና ሳይነጋ ታክሲ እየቀያየርክ እንደምትሄድ አውቃለሁ። ትዕግሥትህን አደንቃለሁ። ግን እፈራለሁም።

የቤት ሥራው አልቆ ሳለ ማሙሽ ሌላ ጥያቄ አመጣ። "ስፖርትና ቤተ ክርስቲያን የሚገናኙበት ሌላስ አለ?" አለኝ። ቅዱስ ዮሴፍ ትዝ አለኝ። የአበበ ቢቂላ መቃብር። በኋላ ማሞ ወልዴም እዚያው ያረፈበት። ጥቅምት 1966 አንተ ወጣት ሆነህ አበበን ለመቅበር ከወጣው ሕዝብ መሀል ነበርክ። ጃንሆይ ራሳቸው እንደ መጡ ስትነግረን ድምፅህ ይለወጥ ነበር። ስለዚህ ለልጄ የሮምን ነገር ነገርኩት። ጳጉሜ 5 ቀን 1952፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ። ከዚያ የቶኪዮን ነገርኩት። ከዚያ የመኪናውን አደጋ። እግሩ እንደ ከዳው፣ ቢሆንም እንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት እንደ ተወዳደረ ነገርኩት።

እዚህ ላይ ስደርስ መቀጠል አቃተኝ። ማሙሽ "እማዬ ለምን ታለቅሻለሽ?" አለኝ።

አባባ፣ የእግርህን ነገር አውቄያለሁ።

የነገረችኝ ታናሼ ናት። እንዳትቆጣት። ለእኔ እንዳትነግር አስምለሃት ነበር አሉ። እሷ ግን ካልሲህን ስታጥብ ያየችውን አይታለች፤ አንድ ሰው መሐላ ተሸክሞ እንዲያ ያለ ነገር ሊያይ አይገባውም። አብራህ ሐኪም ጋ ስትገባም የሰማችውን ሰምታለች። እኔም ሐኪሙን ደውዬ አነጋግሬዋለሁ። ያለ ፈቃድህ ነው። ብትቆጣም ቻልኩት።

የነገረኝን ልንገርህ፤ ለአንተም እንደነገረህ አውቃለሁ። ስኳር የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል። ስለዚህ ቁስሉ አያምህም። ስለማያምህ ደግሞ ቀላል ይመስልሃል። ደም እንደ ልብ ስለማይደርሰው አይሽርም። አሁን አጥንቱ ጋ ደርሷል። ጣትህ እንድትቆረጥ ይፈልጋል። አንዲቷ ጣት ብቻ። ቶሎ ከሆነ እግርህ ይተርፋል። ከዘገየ ግን ሐኪሙ "ከቁርጭምጭሚት ነው ወይስ ከጉልበት የሚለው ያን ጊዜ ይታያል" ነው ያለኝ። ይህን ቃል ስጽፈው እጄ ተንቀጥቅጧል። ግን በስልክ ብለው ሳልጨርስ ትዘጋብኝ ነበር።

አንተ ግን ለሐኪሙ "ከጾሙ በኋላ እመጣለሁ" ብለህ ወጥተሃል። ለእኔ ደግሞ "ደኅና ነኝ" አልከኝ።

"ደኅና ነኝ" ስትለኝ ምን እንደሚሰማኝ አታውቅም። እማዬም "ደኅና ናት" ነበረች።

ይህን እስከ ዛሬ ተናግሬህ አላውቅም። ጅማ ሆኜ በደወልኩ ቁጥር "ገበያ ወጥታለች"፣ "ተኝታለች"፣ "ቤተ ክርስቲያን ናት" ትለኝ ነበር። ፈተናዋን ትጨርስ ብለህ ነው። ገብቶኛል። የዕድሩ ሰዎች ያውቁ ነበር። ጎረቤት ያውቅ ነበር። ታናሼ እንኳ በዚያ ዕድሜዋ ታውቅ ነበር። እኔ ብቻ ሻንጣዬን ይዤ፣ ለእማዬ የጅማ ማር ገዝቼ መጣሁና ከሰፈራችን መግቢያ ድንኳኑን አየሁ። አንተ ከድንኳኑ ወጥተህ ስታቅፈኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም። ንዴት ነበር። ያን ንዴት ሰው ሁሉ ለቅሶ መስሎት አጽናናኝ።

ፈተናውን አልፌዋለሁ። ዲግሪዬን አንተ ግድግዳህ ላይ ሰቅለኸዋል። ማተሚያ ቤት የሌሊት ፈረቃ እየገባህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ይህን አልረሳም፣ ውለታህን ከፍዬ አልጨርሰውም። ግን ያንን ዲግሪ ባየሁ ቁጥር ማሩ ነው ትዝ የሚለኝ። እጇን ይዤ "እማዬ" ሳልላት ቀረሁ። ማንም በእኔ ቦታ ሆኖ ያንን ሊወስንልኝ አይገባም ነበር።

አሁንም ልትወስንልኝ ነው። "ሩቅ ናት፣ ልጆች አሏት፣ አታስጨንቋት" ብለሃል አሉ። አስጨንቀኝ እንጂ! ልጅህ አይደለሁም?

ስለ ጸበሉ ከአንተ ጋር አልከራከርም። እኔም አምናለሁ። ጠጣው፣ ፊትህን ታጠብበት። ቁስሉን ግን አታርጥበው። ሐኪሙ እርጥበት ያባብሰዋል ብሏል። ጫማ ማውለቁም አለ። ሦስት ሰዓት በቀዝቃዛ ንጣፍ ላይ ትቆማለህ፤ ጠጠር ቢወጋህ አይሰማህም። ነጭ የጥጥ ካልሲ ገዝቼልሃለሁ፤ ነጭ የሆነው ደም ወይም ፈሳሽ ካለ ቶሎ እንዲታይ ነው። እሱን ሳታደርግ አትግባ። መቀመጫ ቢሰጡህ ተቀመጥ። ለታመመ ሰው መቀመጥ ነውር አይደለም።

ጾሙንም የንስሐ አባትህን ጠይቃቸው። መድኃኒት እየዋጥክ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድህን መዋል የለብህም። ስኳርህ ወርዶ መንገድ ላይ ብትወድቅ ማን ያነሣሃል? እሳቸው እምቢ አይሉህም። እኔ ራሴ ደውዬ ላናግራቸው እችላለሁ፤ ካልፈለግህ ግን አንተ ጠይቅ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ለታናሼ "ጣቴን ከቆረጡ እንዴት ብዬ እቆማለሁ" ብለሃታል። አንድ ጣት ቢጎድል ትቆማለህ። ሐኪሙ ቁስሉ ከሻረ በኋላ በልክ የተሠራ ጫማ ይደረጋል፣ በእግርህ ትሄዳለህ ብሎኛል። እዚያ ደብር ግቢ ውስጥ ልጄን እጁን ይዘህ እንድታዞረው ነው የምፈልገው። የእኔ አነጋገር አይበቃውም። ሥዕሎቹን፣ የአፈወርቅ ተክሌን መስታወቶች፣ ሙዚየሙን፣ ሁሉንም አንተ ንገረው። እኔ የነገርኩት የተሰማ ነው፤ አንተ ግን እዚያ ያደግህ ሰው ነህ።

አሁን የምናደርገውን ልንገርህ። እሑድ ማታ እመጣለሁ። ፈቃድ ወስጃለሁ። ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ጋ አብረን እንገባለን፤ ቀጠሮ አስይዣለሁ። የሐኪም ካርድህን፣ የምትወስደውን መድኃኒት ከነማሸጊያው፣ የመጨረሻውን የደም ምርመራ ወረቀት አንድ ፌስታል ውስጥ አድርገህ ጠብቀኝ። ወረቀቱ ከሬዲዮው ሥር ካለው መሳቢያ ውስጥ ነው አለች ታናሼ። እስከዚያ እግርህን ከፍ አድርገህ ተቀመጥ። ወደ ፒያሳ አትሂድ። የካቲት 23 ከደረስንና ሐኪሙ ከፈቀደ ኮንትራት ታክሲ ይዤ እኔው ራሴ እወስድሃለሁ።

ስለ ገንዘቡ አታስብ። እኔና ባለቤቴ ተነጋግረናል።

ልትቆጣኝ ከፈለግህ እሑድ ማታ ተቆጣኝ። ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ። ሰኞ ግን እንሄዳለን። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ደውልልኝ፤ "ደኅና ነኝ" አትበለኝ፣ ጣትህ ምን እንደሚመስል ንገረኝ።

ማሙሽ የጻፈውን አንድ ገጽ ቀድቶ ልኮልሃል። ስህተት ካለው በቀይ እስክሪብቶ አርምልኝ ብሏል።

የምትወድህ ልጅህ
ሐዋሳ፣ የካቲት