«ጥቂት» ሁለት ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

በሰሜን ሸዋ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ደብተር ላይ ደጋግሞ የሚታይ ስህተት አለ፤ ምንጩም «ብዙ» እና «ጥቂት» የሚሉት የራሳችን ቃላት ናቸው። «ብዙ» ለላሙም ለወተቱም ይሆናል። እንግሊዝኛ ግን የሚቆጠረውን በ‹ሜኒ›፣ የማይቆጠረውን በ‹መች› ይለያል። «ብዙ ላም» ስንል ስሙ ነጠላ ሆኖ ይቀራል፤ እዚያ ‹ሜኒ ካውስ› ነው፣ ‹ኤስ› ግድ ነው። (የመንዝን በግ ምሳሌ የሚያደርግ መምህር ግን ይጠንቀቅ፤ ‹ሺፕ› አንድም ሆነ መቶ መልኩ አይለወጥም።)

ከሁሉ የሚከፋው ‹ፊው› እና ‹ኤ ፊው› ነው። ሁለቱንም «ጥቂት» ብሎ ማስሸምደድ ተማሪውን ማሳሳት ነው። ‹ፊው ፍሬንድስ› ያለ ሰው ወዳጅ አነሰኝ ማለቱ ነው፤ ‹ኤ ፊው ፍሬንድስ› ያለው ግን ጥቂትም ቢሆኑ አሉኝ ይላል። ለማይቆጠረው ‹ሊትል› እና ‹ኤ ሊትል› እንዲሁ። ሰሌዳው ላይ «ጥቂት ብቻ» እና «ጥቂትም ቢሆን» ተብሎ ቢጻፍ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ቱርኮች እዚህ ላይ ይቀላቸዋል፤ ‹አዝ ሱ› ውሃው ማነሱን፣ ‹ቢራዝ ሱ› ትንሽ ውሃ መኖሩን ይናገራል። በ‹ኤስ› ግን ከእኛ ይብስባቸዋል፤ እኛ «ሁለት ላሞች»ም ማለት ስንችል፣ ቋንቋቸው ከቁጥር በኋላ ስሙን በነጠላ ያስቀረዋል።

«መረጃዎች»፣ «ምክሮች» ስለምንል ‹ኢንፎርሜሽን› እና ‹አድቫይስ› ላይም ‹ኤስ› እንለጥፋለን። አይቀበሉም፤ መቁጠር ከተፈለገ ‹ቱ ፒስስ ኦፍ አድቫይስ› ነው። «ሁለት ኪሎ ገብስ»ም ያለ ‹ኦፍ› አይቆምም፦ ‹ቱ ኪሎስ ኦፍ ባርሊ›።

የቋንቋ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን