“ዕድሜዋ ነው” ብላችሁ አትለፉት

ጤና ይስጥልኝ የዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን ስለ ዳውን ሲንድረም፣ ልጆች ይዘውት ስለሚወለዱት የአካልና የአእምሮ ዕድገት ሁኔታ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ልጆቹ በክብር ነው የጻፋችሁት፤ ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ። እኔን ያስጻፈችኝ ግን አንዲት መስመር ናት። “መንስኤው የእናትየዋ ዕድሜ መግፋት ነው” ትላለች። አራት ነጥብ። ከዚያ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፋችሁ።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ዳውን ሲንድረም አለበት። ስለዚህ ያቺን መስመር ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚያነባት አውቃለሁ። “በጊዜ ብትወልድ ኖሮ” ተብላ ነው የምትነበበው። እህቴ በ38 ዓመቷ ወልዳ ገና ከአልጋ ሳትነሳ አንድ የጤና ባለሙያ “እስከዛሬ የት ነበርሽ?” አላት። ሌላ ማብራሪያ አልነበረም። ቤቷ ስትገባ ደግሞ የሰፈሩ ጥያቄ ጠበቃት። እርጉዝ ሳለሽ ደንግጠሽ ነበር ወይ? ምን መድኃኒት ውጠሽ ነው? ማንን አስቀይመሽ ነው? አራስ ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ አንድ አንድ ጥፋት ፈልጎላት ሄደ።

እንዲህ ላለች እናት “ዕድሜሽ ነው” ማለት ግማሽ መልስ ነው። ግማሹ መልስ ብቻውን ሲቀር ደግሞ ወቀሳ ይሆናል። ቀሪው ግማሽ ከተገኘ ሰንብቷል፤ የሚገርመው፣ መንገዱን የከፈቱት ሰዎች ያኔ የሚያጠኑት እናቶችን አልነበረም። እርሾ ነበር።

ከመነሻው ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1959 ፓሪስ ውስጥ ዤሮም ለዠን፣ ማርት ጎቲዬ እና ሬይሞን ቱርፓን ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ልጆች ሴል ውስጥ ያለው ክሮሞዞም፣ ማለትም የዘር መረጃ የያዘው የዲኤንኤ ጥቅል፣ 46 ሳይሆን 47 መሆኑን አሳወቁ። ትርፉ 21ኛ ቁጥር የተሰጠው ክሮሞዞም ነው። (ሴሎቹን በላብራቶሪ አሳድገው ለእይታ ያበቁት ጎቲዬ ነበሩ፤ ስማቸው ግን ለረጅም ዘመን ወደ ኋላ ተገፍቶ ቆይቷል። ይኼ ያናድደኛል።) ምን እንደተፈጠረ በዚያ ታወቀ። ለምን እንደተፈጠረ ግን ገና ነበር። ክሮሞዞሞች ሲከፋፈሉ አንዳንዴ ለምን እንደሚሳሳቱ ለማወቅ፣ መጀመሪያ ሳይሳሳቱ ሲቀሩ ምን እንደሚይዛቸው ማወቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው ኪም ናስሚዝ የሚመጡት። እንግሊዛዊ ሞለኪዩላር ባዮሎጂስት ናቸው፤ ያኔ የሚሠሩት ቪየና ነበር፣ በኋላ ወደ ኦክስፎርድ ሄደዋል። የያዙት ጥያቄ ለተማሪ እንኳ የሚገባ ነው። ሴል ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ለእያንዳንዱ ክሮሞዞም ቅጂ ያወጣለታል። ሁለቱ ቅጂዎች የመለያያቸው ሰዓት እስኪደርስ አብረው ይቆያሉ። በባዮሎጂ መጽሐፋችን ላይ ያለችው የኤክስ ቅርጽ እኮ ይህች ናት። ተማሪዎቼ ሲስሏት መሃሏ ላይ ጠቆር ያለች ነጥብ ያደርጋሉ፤ ሁለቱን የሚያጣብቅ ሙጫ ነው ብለው ነው የሚያስቡት። በ1997 የናስሚዝ ቡድንና ባልቲሞር የነበረው የዳግላስ ኮሽላንድ ቡድን፣ ሁለቱም እርሾ ላይ እየሠሩ፣ ቅጂዎቹን አብሮ የሚያቆያቸውን አገኙ። ኮሂሲን ይባላል። የብዙ ፕሮቲኖች ስብስብ ነው፤ ዋናዎቹ ሦስቱ ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ። የናስሚዝ ሐሳብ ቀለበቱ ሁለቱን የዲኤንኤ ክሮች መሃሉ አስገብቶ ይይዛቸዋል የሚል ነው። እንግዲህ ሙጫ አይደለም። ክሮቹ የታሰሩ ናቸው።

ከታሰሩ ደግሞ የሚፈታቸው ያስፈልጋል። በ1999 የናስሚዝ ቡድን ሴፓሬዝ የሚባለው ኢንዛይም (ፕሮቲን የሚቆርጥ ፕሮቲን ነው) ባለበት፣ ከሦስቱ ፕሮቲኖች አንዱ እንደሚቆረጥና ክሮሞዞሞቹም ያኔ እንደሚለያዩ አሳየ።

ከሁሉም ከሁሉም የምወደው ግን በ2000 የወጣውን ሙከራ ነው። ጥያቄው ይኼ ነበር፦ በእርግጥ የቀለበቱ መቆረጥ ብቻውን ይበቃል? ወይስ ሴፓሬዝ እግረ መንገዱን ሌላም ነገር እየሠራ ነው? ይህን ለመለየት ከትምባሆ ተክል ቫይረስ አንድ ኢንዛይም ወሰዱ። ይህ ኢንዛይም ያገኘውን ሁሉ አይቆርጥም፤ አንድ የተወሰነ የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ሲያገኝ ብቻ ነው። ያንን ቅደም ተከተል የእርሾው ቀለበት ውስጥ አስገቡት። ከዚያ እርሾው ለመከፈል ተዘጋጅቶ፣ ግን የራሱ ሴፓሬዝ እንዳይሠራ ተይዞ ባለበት ሰዓት፣ የውጪውን መቁረጫ አስነሱበት። ክሮሞዞሞቹ ተለያዩ። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሄዱ። እርሾና የትምባሆ ቫይረስ በተፈጥሮ ምንም አያገናኛቸውም፤ ስለዚህ መልሱ አንድ ነው፣ መቆረጡ ብቻውን ይበቃል። እንዲህ ያለ ንጹሕ ማስረጃ በሳይንስ ውስጥ ብዙ አይገኝም።

አሁን ወደ እናቶች። ይሄው ቀለበት፣ አንዳንድ ክፍሎቹ በዘመዶቻቸው ተተክተው፣ በሴት እንቁላል ውስጥም አለ። ሴት ልጅ እንቁላሎቿን መሥራት የምትጀምረው ገና ራሷ ፅንስ እያለች፣ በእናቷ ማሕፀን ውስጥ ነው። ክሮሞዞሞቹ ያኔ ቅጂ ይወጣላቸዋል፣ ቀለበቶቹም ያኔ ይገባሉ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ባለበት ይቆማል፤ ልጅቷ ትወለዳለች፣ ታድጋለች፣ ትማራለች፣ ታገባለች፣ እንቁላሉ ግን ወጥቶ ሥራውን እስኪቀጥል ድረስ እነዚያው ቀለበቶች እንደያዙ ይጠብቃሉ። በ38 ዓመቷ ለምትፀንስ ሴት ይህ ማለት ከ38 ዓመት በላይ የቆየ ቀለበት ነው። በአይጦች ላይ የተሠራውን እዩት። ኪኩኤ ታቺባናና ናስሚዝ ከሌሎች ጋር ሆነው በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ያንኑ የትምባሆ ቫይረስ መቁረጫ በአይጥ እንቁላል ውስጥ ተጠቅመው ክሮሞዞሞቹን የያዘው ይህ ቀለበት መሆኑን አረጋገጡ፤ እንቁላሉ በሚያድግበት ጊዜም ቀለበቶቹ እንደማይታደሱ አሳዩ። በዚያው ዓመት ሌሎች ቡድኖች ደግሞ ባረጁ አይጦች እንቁላል ውስጥ ኮሂሲን መቀነሱን አገኙ። ቀለበቱ ሲሳሳ ክሮሞዞሞቹ ያለ ሰዓታቸው ይላቀቃሉ፤ ሲላቀቁ አንዱ ወደማይገባው ወገን ይሄዳል። ሌላም ምክንያት አለ፣ ለምሳሌ ጥንዶቹ ክሮሞዞሞች ቁራጭ የሚለዋወጡበት ቦታ ለውጥ ያመጣል። ትርፉ ክሮሞዞም ከአባት በኩል የሚመጣበትም ጊዜ አለ፤ ግን ጥቂት ነው።

ይኼ ለእህቴ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ቀለበቶቹ የገቡት እሷ ራሷ በልጇ አያት ሆድ ውስጥ ሳለች ነው። እርጉዝ ሆና ብትደነግጥ፣ ብታለቅስ፣ ያገኘችውን ብትበላ፣ ከሰው ብትጣላ፣ በዚያ ቀለበት ላይ አንዱም አልደረሰም። ስህተቱ በአብዛኛው የሚፈጠረው እንቁላሉ ከመፀነሱ በፊት ስለሆነ፣ እርግዝናው ሲጀመር ነገሩ አልቋል።

ዕድሜ ለውጥ የለውም ማለቴ አይደለም። በ25 ዓመት ከ1,200 ወሊድ አንድ ገደማ የነበረው ዕድል፣ በ40 ዓመት ከ100 አንድ ገደማ ይሆናል። ይህንንም ጻፉ፣ ሴቶች ማወቅ አለባቸው። ግን 99ኙንም ጻፉ። ወጣት እናቶችም ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ እንደሚወልዱ ጻፉ። ከ100 ልጆች በሦስት ወይም በአራቱ ደግሞ ትርፉ 21ኛ ክሮሞዞም ከሌላ ክሮሞዞም ጋር ተጣብቆ የተገኘ ነው፤ ያ ከወላጅ ሊወረስ ስለሚችል፣ ሌላ ልጅ ለሚያስቡ ወላጆች የክሮሞዞም ምርመራው ትልቅ ትርጉም አለው። “ዕድሜዋ ነው” ሲባል ይኼ ሁሉ ይጠፋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ያው ጽሑፋችሁ መጨረሻው ላይ ስለ ምርምር ሲያነሳ “ለሕዝብ ጥቅም የሚሰጥ” እያለ ነው። ተማሪዎቼም ይጠይቁኛል፤ እርሾ ላይ መመራመር ምን ይሠራል? ዳቦ የሚያነሳው፣ ጠላና ጠጅ የሚያፈላው እርሾ እኮ ከእኛ ጋር የሚጋራው ቀለበት ነው ይህን ሁሉ መልስ ያመጣው። ናስሚዝ በ2001 ሌላም ሐሳብ አንስተው ነበር፤ እነዚህ ቀለበቶች ዲኤንኤን ከመያዝ አልፈው ክሩን በመሃላቸው እየሳቡ ይጠቀልሉታል የሚል። ብዙ ሰው አላመነም። በ2018 ኔዘርላንድስ ዴልፍት ውስጥ ተመራማሪዎች የኮሂሲን ዘመድ የሆነው ኮንደንሲን ይህን ሲያደርግ በቪዲዮ ቀረጹት። አንድ የዲኤንኤ ክር ሁለት ጫፉ መስታወት ላይ ተይዟል፣ በቀለም ያበራል። መሃሉ ላይ ትንሽ ነጥብ ትታያለች፤ ነጥቧ እየደመቀች፣ ክሩን ከአንድ ወገን እየሳበች፣ ቋጠሮው እያደገ ይሄዳል፤ ሲፈጥን በሰከንድ እስከ 1,500 የዲኤንኤ ፊደል ድረስ። በዓመቱ ኮሂሲንም ራሱ ያንን ሲያደርግ ታየ። ቪዲዮውን ክፍል ውስጥ አሳይቼ “እንደገና፣ ቲቸር” ብለውኛል።

የምለምናችሁ እንግዲህ ይኼንን ነው። ያቺን መስመር በሚቀጥለው እትም አስተካክሉልን። ለመጋቢት 12፣ የዳውን ሲንድረም ቀን ሲደርስ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን አንድ የጄኔቲክስ ባለሙያ አቅርባችሁ ክሮሞዞም እንዴት እንደሚሳሳት በቀላል አማርኛ አስረዱን፤ የክሮሞዞም ምርመራ የት እንደሚሠራና ስንት እንደሚያስከፍልም አጣርታችሁ አውጡት። ወላጆች ይህን ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ እየተንከራተቱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የባዮሎጂ መምህርት፣ ከደሴ