ጉዳዩ፦ ስላልተፈጸመ ጉዞና ያለ ፈቃድ ስለተለጠፈ ፎቶ

ሰላም ለእናንተ ለአስጎብኚ ድርጅቱ። ይህን የምጽፈው በስልክ ደጋግሜ ሞክሬ «ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ እንደውላለን» እየተባልኩ ስለቀረሁ ነው።

ከመጨረሻው ልጀምር። ገጻችሁ ላይ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ፊት ቆማ ጀርባዋን የሰጠች፣ ብርቱካናማ ሹራብ የለበሰች ሴት አለች። ከሥሯ «ከእኛ ጋር ይጓዙ» ይላል፣ ጥጉ ላይ ደግሞ አርማችሁ ተለጥፏል። ሴትየዋ እኔ ነኝ። ፎቶውን ያነሳው ባለቤቴ ነው፣ በገዛ ስልኩ። እናንተ የዚያን ቀን በአካባቢው አልነበራችሁም። ፎቶውን የላክሁላችሁም «ጢስ ዓባይ በቀን ብርሃን ይህን ይመስላል፣ እናንተ ያሳያችሁን ግን ጨለማ ነው» ብዬ ቅሬታ ሳቀርብ ነበር። ቅሬታዬን ትታችሁ ፎቶዬን ወሰዳችሁ! መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቆይቶ ግን ደሜ ፈላ።

ወደ ጉዞው ልምጣ። እኔና ባለቤቴ ክረምቱን ራቅ ብለን ሳንሄድ እዚሁ አገራችንን እየዞርን ልናሳልፍ ነበር ያሰብነው። ቤዛዊት ኮረብታ ወጣን፣ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ማታ በመብራት በእግራችን ተሻገርን፣ ደብረ ማርያም ደሴት ሄደን መመለሻችን ላይ ጉማሬ አየን። ይሄ ሁሉ በባጃጅና በቡና ወጪ። የእናንተን የጉዞ ጥቅል የገዛነው ጣና ላይ ያሉትን የዘጌንና የእንጦስን ገዳማት፣ ጢስ ዓባይንም ጨምረን በአንድ ቀን እናሳያችኋለን፣ ፎቶ አንሺም አብሮ አለ ስላላችሁን ነው። ትዳራችን ዓመት ሊሞላው ስለነበር ደህና ፎቶ ፈልገን ነበር።

እንጦስን ራሴ ጠይቄ ነው ያስገባሁት። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት እንደማይገባ የባሕር ዳር ልጅ ሁሉ ያውቃል፣ አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ይገባል። ስልክ ያነሳው ልጅም «ችግር የለም እህቴ» አለኝ። በዕለቱ ግን ጀልባው ቀጥ ብሎ ክብራን ሄዶ ቆመ፣ ምክንያቱም አብረውን የተሳፈሩት ከአዲስ አበባ የመጡ ወንዶች ነበሩ። እኔ «አሁን ይመለሳሉ» ተብዬ ከጀልባ ነጂው ጋር ዳር ላይ ቁጭ። ባለቤቴም ትቶኝ መሄድ አልሆነለትም፣ እሱም ቀረ። ስለዚህ ሁለታችንም ከፍለን አንዳችንም አላየንም። ሰዎቹ ሲመለሱ «እንጦስስ?» ብል መልሱ «ሰዓት ሄዷል» ሆነ። በገዳሙ ሥርዓት ቅሬታ የለኝም፣ አከብረዋለሁ። ሥርዓቱን እያወቃችሁ ሴት አሳፍራችሁ እዚያ መውሰዳችሁ ነው የገረመኝ።

ዘጌ ደግሞ ያፈርኩበት ቦታ ነው። በጫካው ቡና መሐል አቋርጠን ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደረስን። ቄሱ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕል ሲያሳዩን ፎቶ አንሺያችሁ ፍላሹን ለቀቀው። አባ ቀስ ብለው «ልጄ፣ መብራቱን ተው» አሉት። እሺ ብሎ ዞር አለና ደገመው። የስንት ዘመን ሥዕል ነው እኮ! ካሜራ ይዞ ለሚተዳደር ሰው ይሄ ሊነገረው ነው? ይቅርታ የጠየቀው ባለቤቴ ነው፣ አስጎብኚያችሁ ውጭ ስልክ ያወራ ነበር።

ከዚያ ስንመለስ ነፋሱ ተነሣ። ጣና ጠዋት ዝም ብሎ ከሰዓት በኋላ እንደሚናወጥ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ለዚህም ነው በጊዜ የሚመለሱት። የሕይወት አድን ጃኬቱ ለሁላችን አልበቃም። ለእኔ የደረሰኝ ማሰሪያው ተበጥሶ በሲባጎ የተቋጠረ ነበር። እሱንም ጠዋት ፎቶ አንሺው «ፎቶውን ያበላሻል፣ አውልቂው» ብሎኛል። ፎቶው ቢቀርብኝ እመርጣለሁ። ይሄን ነገር ሌላው ሁሉ ቢቀር አስተካክሉት፣ ልጆች ይዞ የሚሳፈር ሰው አለ።

ጢስ ዓባይ የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። ከከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፣ ግን የወጣነው አርፍደን። ክረምትን የመረጥነው ያለ ነገር አይደለም። በበጋ ውኃው ለኃይል ማመንጫ ሲጠለፍ ፏፏቴው ይቀጥናል፣ በነሐሴ ግን ከ40 ሜትር በላይ ከሆነው ገደል ሞልቶ ይወርዳል። እኛ ድምፁን ሰማን፣ ጢሱ ፊታችንን አራሰው፣ ከዚያ ውጭ ምንም። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ በስልክ መብራት ነው የተሻገርነው። ፎቶ አንሺው «ሌላ ሥራ አለብኝ» ብሎ ከተማ ቀርቷል።

በሳምንቱ በራሳችን በሚኒባስ ጠዋት ሄድን። ፀሐይዋ ወጥታ ቀስተ ደመናው ፏፏቴው ሥር ተዘርግቶ ነበር። እናንተ የለጠፋችሁት ፎቶ የዚያን ጠዋት ነው።

የላካችሁልንን ፎቶማ አታንሱት። ዋናውን እንልካለን ብላችሁ ተጨምቆ የደበዘዘ በቴሌግራም መጣ፣ አብዛኛው የሌሎቹ ሰዎች ነው። እኛ ባለንበት ባለቤቴ ዓይኑን ጨፍኗል።

የምፈልገው ግልጽ ነው። ፎቶዬን ዛሬውኑ ከሁሉም ገጻችሁ አውርዱ። ላላየነው እንጦስ፣ በጨለማ ላየነው ጢስ ዓባይና ላልመጣው ፎቶ አንሺ የከፈልነውን መልሱልን፣ የቴሌብር ደረሰኙ በእጄ አለ። የዘጌውን መልሱ አልልም፣ አይተናል። በዚያ ቀን የተነሱት ፎቶዎች ዋናዎቹ ካሉም በፋይል ላኩልን። በሌላ ጉዞ እናካክስላችሁ የሚል መልስ ግን አልቀበልም፣ በስልክ ያገኘሁት ልጅ እንዲህ ሊል ሞክሮ ነበር። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ መልስ ካላገኘሁ ደረሰኙንና የመልእክት ልውውጣችንን ይዤ ከተማው የባህልና ቱሪዝም ቢሮ እሄዳለሁ። ቁጥሬ እናንተ ጋ አለ።